ልጁ ዕድሜው ስንት ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 

የዛሬው የታሪክ ትምህርታችን ስለ ጦርነት ነው። ደንግጣችሁ ጣቢያ እንዳትቀይሩ፤ ስለ ጄኔራሎችና ስለ ታንክ ብዙ አንናገርም። የምናነሣው አገሩ ጦርነት ላይ ሳለ ቤቱ ስለሚኖር ጎረምሳ ነው። ምን ይበላል? ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ? ማታ የት ያድራል? እናቱስ ምን ታስባለች? ለዚህ ሁለት ልጆችን ጎን ለጎን እንወስዳለን። አንደኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረ ጀርመናዊ ነው። ሁለተኛው የእኛው ነው፤ በደርግ ዘመን፣ ያኔ አቦምሳ ዋና ከተማው በነበረችበት በአርሲ አርባ ጉጉ አውራጃ ያደገ ልጅ። ስም አንሰጣቸውም፤ ብዙ ሺህ ልጆች እንደነሱ ኖረዋልና። የሁለቱን ኑሮ የሚያገናኝ ግን አንድ ጥያቄ አለ። ባለሥልጣን ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ «ልጁ ዕድሜው ስንት ነው?»

ከጀርመኑ እንጀምር።

ጦርነቱ የፈነዳው በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ነው። የምግብ ካርድ ግን ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት መጨረሻ ወጥቶ ነበር። የጀርመን እናት ጦርነት መምጣቱን ከመድፍ ድምፅ በፊት ከዳቦ ቤት አወቀችው ማለት ነው። ለዳቦ፣ ለሥጋ፣ ለቅባት በየቀለሙ የተለየ ካርድ ታደለ። መጀመሪያ ላይ ለአንድ ተራ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይፈቀድ ነበር፤ በ1942 ወደ 300 ግራም ወረደ። የልብስ ካርድም ነበር። አንድ ሰው በዓመት 100 ነጥብ ይሰጠዋል፤ አንድ ሙሉ ሱፍ ልብስ ብቻውን ከግማሽ በላይ ነጥቡን ይበላበታል። በየወሩ ቁመቱ ለሚጨምር የ14 ዓመት ልጅ ይህ ምን እንደሆነ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲደርስ ሌላ መግዛት የለም፣ ያው ሱሪ በጨርቅ ይቀጠላል።

ቡናም ጠፋ። ጀርመኖች ቡና የሚወዱ ሕዝብ ናቸው፤ ቡናው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለሆነ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። እና ምን አደረጉ? ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በፍል ውኃ ጠጡት። አርሲ ውስጥ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው ሳይስቅ አይቀርም፤ እኛ ገብስ ቆልተን የምናደርገውን እናውቃለን። የቡናውን ነገር ግን አትርሱት፤ ኋላ ላይ አቦምሳ ድረስ ይመጣል።

ማታ ማታ አገሩ ሁሉ ጨለማ ነው። ከጦርነቱ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ የመስኮት ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይታይ ትእዛዝ ወጣ፤ የጠላት አውሮፕላን ከተማውን እንዳያገኘው ነው። መስኮቱ በጥቁር ወረቀት ወይም በጨርቅ ይሸፈናል፣ የሰፈሩ ተቆጣጣሪ እየዞረ ያያል፤ ትንሽ ብርሃን ያመለጠበት ቤት ይጮኽበታል ወይም ይቀጣል።

ልጁ በሳምንት ውስጥ የራሱ የሆነ ጊዜ ብዙም አልነበረውም። የሂትለር ወጣቶች የሚባለው ድርጅት በ1936 በሕግ የመንግሥት የወጣቶች ድርጅት ሆነ፤ በ1939 ደግሞ አባልነቱ ግዴታ ተደረገ። ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ይገባል፤ ሴቶቹ የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ሰልፍ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ብረታ ብረትና አሮጌ ወረቀት መሰብሰብ አለ፣ በመኸር ጊዜ ገጠር ወርዶ ድንች መልቀም አለ። ቤት ውስጥ አባት ስለ መንግሥት ክፉ ነገር ሲናገር ልጁ ይሰማና ድርጅቱ ዘንድ ያወራ ይሆን የሚል ሥጋት በብዙ ቤት ገብቶ ነበር። ወላጅ ልጁን ሲፈራ ምን ዓይነት ቤት እንደሚሆን አስቡት። እኔ በበኩሌ በዚያ ዘመን ጀርመን ከደረሰው ጥፋት ሁሉ ይህን ከቀላሎቹ ተርታ አላሰልፈውም።

ከዚያ ዕድሜ መቆጠር ጀመረ። የጀርመን መንግሥት እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን ቀን በመዝገብ ይዞታል። በ1943 መጀመሪያ ላይ ወታደር ሲያንሰው፣ መዝገቡን ገለጠና «በ1926 እና በ1927 የተወለዱ ወንድ ተማሪዎች» ብሎ ጠራ። ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ማለት ነው። ከፌብሩዋሪ 1943 ጀምሮ እነዚህ ልጆች የአየር መቃወሚያ መድፍ ረዳት ሆኑ። አስተማሪው ወደ መድፉ ሰፈር ይመጣና በሳምንት 18 ክፍለ ጊዜ ያህል ያስተምራቸዋል፤ ሌሊት የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ ጥይት ያቀብላሉ፣ የፍለጋ መብራት ያዞራሉ፣ ጠዋት ላቲንና ሒሳብ ይማራሉ፤ እንቅልፍ ካልወሰዳቸው። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ 200 ሺህ ገደማ ልጆች በዚህ ሥራ አልፈዋል። ከነሱ አንዱን ዓለም ያውቀዋል፦ ዮሴፍ ራትሲንገር። በ1943 በ16 ዓመቱ በሙኒክ ዙሪያ መድፍ ዘንድ ተመደበ፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ቤነዲክቶስ 16ኛ ሆነ።

በዚያው በ1943 በጋ የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሐምቡርግን ደበደቡ። በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ሲቪል ነው። የተረፈው ልጅ በጠዋት ከምድር ቤት ሲወጣ የሚያውቀው መንገድ አልነበረም። በ1944 ኦክቶበር ደግሞ መንግሥት የሕዝብ ጦር አወጀ፤ ከ16 እስከ 60 ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ ተጠራ። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተሰለፉ። መዝገቡ የዕድሜ ወሰን ለማስከበር ሳይሆን ወሰኑን ዝቅ ለማድረግ ሲያገለግል ይኸው አየን። ወረቀት ስላለ ብቻ ልጅ አይድንም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀጥል ግን ታሪኩን ማጉደል ይሆንብኛል። ያ ሁሉ መከራ የደረሰው፣ መንግሥቱ ራሱ ሌሎችን ሊያጠፋ በተነሣባት አገር ነው። አኔ ፍራንክ የተባለችው ልጅ በ1929 ፍራንክፈርት ከተማ ተወለደች፤ ጀርመናዊት ነበረች። አይሁድ በመሆኗ ቤተሰቧ ወደ ሆላንድ ሸሸ፣ ዜግነታቸውም ተገፈፈ። በ13 ዓመቷ አምስተርዳም ውስጥ ከቤተሰቧ ጋር ተደበቀች፤ ከሁለት ዓመት በላይ ውጭ ሳትወጣ ኖረች፤ በ1944 ተይዛ በ1945 መጀመሪያ በማጎሪያ ጣቢያ ሞተች። የእኛ ጀርመናዊ ልጅ የሥጋ ካርዱ አነሰ ብሎ ሲያማርር፣ አይሁድ ጎረቤቱ ካርዱ ላይ ልዩ ምልክት ታትሞበት የሚያገኘው ከሱም ያነሰ ነበር፤ ከዚያም አንድ ቀን ጎረቤቱ ቤት ባዶ ሆነ። የእርሻና የፋብሪካው ሥራ ሳይቆም የቀጠለው ደግሞ በ1944 ከሰባት ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ የውጭ አገር ሰዎች፣ አብዛኞቹ በግድ ተይዘው፣ ጀርመን ውስጥ ይሠሩ ስለነበር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1969፣ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የእናት አገር ጥሪ አስተላልፎ ነበር። ጦርነቱ ለአርሲ ሩቅ አልነበረም፤ ዋቢ ሸበሌን ተሻግሮ ባሌ ነው፣ ባሌም ውጊያ ነበረበት። በየገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻ ተመለመለ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። የዘማቹ ማሳ ጦሙን እንዳያድር የገበሬ ማኅበሩ አባላት በደቦ እንዲያርሱለት ተደነገገ። በአንዳንዱ ቦታ በጊዜው ታረሰ፣ በአንዳንዱ ደግሞ የሁሉም ማሳ ታርሶ ካለቀ በኋላ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ተደረሰለት። ገበሬ የሆነ ሰው የዘገየ እርሻ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ያኔ 12 ወይም 13 ዓመት የሆናት የአርሲ ልጅ ጦርነቱን ያወቀችው በምጣድ ነው። የሴቶች ማኅበር ስንቅ እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል፤ ገብስ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቅቤ ከተገኘም ጭኮ። ለእንግዳና ለአራስ የሚዘጋጀው ጭኮ የማያውቁት ሰው ስንቅ ሆኖ በከረጢት ተቋጥሮ ሄደ። ምጣዱ ዳር የሚቀመጡት እናቶችና ሴት ልጆች ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሲቀር በመጀመሪያ የሚቀረው የልጅቷ ነው።

ጂጂጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች፤ ካራማራ ብለን በየዓመቱ የምናስበው ድል ነው። የምሥራቁ ጦርነት ሲያበቃ ግን የሰሜኑ እየሰፋ ሄደ፣ ኤርትራና ትግራይ። ለዚህ በፈቃደኛ የሚሞላ ጦር አልነበረም። እናም በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። አዋጁ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ኢትዮጵያዊ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ እንዲሆን ያዛል። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ ከብዙ አገሮች ሕግ የማይለይ ነው። ዐሥራ ስምንት ይላል እንጂ ዐሥራ አምስት አይልም።

ችግሩ ታች ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአርባ ጉጉ ገጠር የተወለደ ልጅ የልደት ወረቀት ከየት ያመጣል? ክርስቲያን ከሆነ ምናልባት ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ቀኑን ጽፋ ይሆናል፤ ሙስሊም ከሆነ ያም የለም። ትምህርት ቤት የገባ እንደሆነ መዝገቡ ላይ ያለው ዕድሜ አስተማሪው ቁመቱን ዐይቶ የገመተው ነው። እናቱን ብትጠይቋት ትክክለኛውን ትነግራችኋለች፣ ግን በራሷ አቆጣጠር ነው፦ «የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ጡት ይጠባ ነበር።» የመሬት አዋጁ የካቲት 1967 ነው። አስሉት፤ በ1982 ይህ ልጅ 16 ወይም 17 ዓመቱ ነው። እናቲቱ ትክክል ናት። ነገር ግን የእናት ቃል ሰነድ አይደለም፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፊት ቆማ ብትምል የሚሰማት የለም።

ለሊቀመንበሩ ደግሞ ከላይ የወረደለት ኮታ አለ። ይህን ያህል ሰው አስገባ ተብሏል፤ ካላስገባ እሱም ይጠየቃል። ኮታ ባለበት ዕድሜ በዓይን ይለካል። ጢሙ አቀመቀመ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ቁመቱ ከበሩ መቃን ደረሰ፤ በቃ፣ ዐሥራ ስምንት ነው። የባለሥልጣን ዘመድ ከሆነ ደግሞ ጢም አውጥቶም ልጅ ነው። ድሃ፣ የባልቴት ልጅ፣ ከሊቀመንበሩ ጋር የወሰን ክርክር ያለበት ሰው ልጅ፣ እነዚህ ዕድሜያቸው በፍጥነት ያድጋል። የጀርመኑ ልጅ መንግሥት በመዝገብ ያገኘው ነበር፤ የእኛው ልጅ መዝገብ ስለሌለው ተገኘ።

ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ፣ በተለይ በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ትልቅ ሽንፈት ከደረሰ በኋላ፣ በዓይን መለካቱም ቀርቶ አፈሳ መጣ። ገበያ ይከበባል፣ ሠርግ ቤት ይከበባል፣ የእግር ኳስ ሜዳ ይከበባል። ስኳር ይታደላል፣ ስብሰባ አለ ተብሎ ይጠራና በሩ ይዘጋል። በዚያ ዘመን ጎረምሳ የነበራችሁ ዛሬ አባቶች ናችሁ፤ የማሽላና የበቆሎ ማሳ ውስጥ ማደርን፣ ከአጎት ቤት ወደ አክስት ቤት መዞርን ታውቁታላችሁ። ቁመቱ የረዘመ ልጅ ያላት እናት በገበያ ቀን ልጇን እንጨት ልቀም ብላ ወደ ጫካ ትልካለች። የአቦምሳን ገበያ የምታውቁ፣ ወጣት የማይታይበት የገበያ ቀን ምን እንደሚመስል ገምቱት።

የተያዘው ልጅ በጭነት መኪና ይወሰዳል። ከመኪኖቹ መካከል በተለምዶ ኢፋ የምንለው ነበረበት። እዚህ ላይ ቀደም ብዬ ያነሣሁት ቡና ይመለሳል። ኢፋ ይሠራ የነበረው በምሥራቅ ጀርመን ሉድቪግስፌልደ በምትባል ከተማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያ ቦታ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ነበረ፤ በግድ የመጡ ሠራተኞችና እስረኞች ሠርተውበታል። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን ለሁለት ተከፈለች፤ በምሥራቁ ክፍል በፈረንጆች 1977 ቡና እንደገና ጠፋ፣ በዓለም ገበያ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበርና። መንግሥቱ ግማሹን ያህል አጃ፣ ገብስና አተር የተቀላቀለበት ቡና ለገበያ አቀረበ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። በዚያው ዓመት ቬርነር ላምበርትስ የተባለው የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣን አዲስ አበባ መጥቶ ስምምነት ተፈራረመ፦ ቡና ስጡን፣ መሣሪያና መኪና እንስጣችሁ። የበርሊን ሰው ንጹሕ ቡና እንዲጠጣ የኢትዮጵያ ቡና ተጫነ፤ በምላሹ የመጣው ዕቃ ደግሞ ጦሩን አገለገለ። በልጅነቱ የገብስ ቡና እየጠጣ በቦምብ ሥር ያደገ ጀርመናዊ፣ ጎልምሶ በሚጠጣው ቡና ምክንያት የሌላ አገር ጎረምሳ መኪና ላይ ይጫናል ብሎ ከቶ አላሰበም። እኛም አልነገርነውም።

ቤት የቀረው ልጅ ኑሮስ? የአርሲ ገበሬ እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ የማስገባት ኮታ ነበረበት፤ አርሲ ስንዴና ገብስ ስለሚያመርት ኮታው ከበድ ይል ነበር። ነጋዴ የበለጠ ሊከፍል ይችላል፣ ግን እህል ይዞ ኬላ ማለፍ ወንጀል ነው። የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስገባል። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ የመንደር ምሥረታ መጣ፤ ሰው ቤቱን አፍርሶ፣ ሣሩንና እንጨቱን ተሸክሞ፣ በመስመር ወደተሠራ መንደር ገባ። ማሳው ራቀ፣ ከብቱ በጅብ ተበላ። ለጎረምሳው ግን መንደሩ ሌላም ትርጉም ነበረው፤ ተበታትኖ ከሚኖር ሰው ይልቅ በመስመር የተደረደረ ቤት ለቆጣሪ ይመቻል።

ከተማ ላይ ደግሞ ቀበሌ አለ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት በቀበሌ ሱቅ በተራ ይሸጣል፤ ተራ የሚይዘው ልጅ ነው። ድንጋይ ወይም ቅርጫት አስቀምጦ ተራ መያዝን የፈጠሩት እነዚያ ልጆች ይመስሉኛል። ሌሊት ሰዓት እላፊ፣ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት። የወጣቶች ማኅበር አባል የሆነ ሰልፍ ይወጣል፣ ጥበቃ ያድራል። ከጀርመኑ የወጣቶች ድርጅት ጋር አንድ ነው አልልም፤ አሠራሩና ዓላማው ይለያያል። ሰልፉና መዋጮው ግን ለልጅ ትከሻ ያው ነው።

አንድ መልካም ነገር ልናገር። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር፤ ኦሮምኛን ጨምሮ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ማንበብ ተሠርቶበታል። ብዙ አዛውንት ቢማሩም በብዙ ቤት ግን ደህና አድርጎ የሚያነበው ልጁ ነው፤ ስለዚህ ከግንባር ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢው እሱ፣ ወይም እሷ። የ14 ዓመት ልጅ የወንድሟን ደብዳቤ ይዛ፣ እናትና አባት ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች ሰላምታ ነው፤ እንደምን ናችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ በሬው እንዴት ነው፣ እገሌ አገባ ወይ። መሐል ላይ የሚያስደነግጥ ቃል ካለች ልጅቷ ዘልላ ታልፋለች። ከዚያ በኋላ መልሱን የምትጽፈውም እሷ ናት፤ የእናቷን ቃል በጆሮዋ እየሰማች፣ ልቅሶውን ትታ። በዚያ ዘመን ካየነው የልጅ ሥራ ሁሉ ይህ ከባዱ ነው ብል አጋነንክ አትሉኝም።

ሬዲዮም ነበር፤ እኛ ሬዲዮ ላይ ሆነን ሬዲዮን ብንረሳ ያሳፍራል። በናዚ ጀርመን የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ ከጦርነቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ወንጀል ሆነ፤ ሰዉ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የእንግሊዝን ጣቢያ ይሰማ ነበር። በእኛ አገር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እውነት ከመንግሥት ሬዲዮ አይገኝም። ድል እንጂ ሽንፈት አይነገርም። ስለዚህ ማታ ድምፁ ዝቅ ይደረግና መርፌው ወደ ሌላ ጣቢያ ይዞራል፤ አንዱ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው የጀርመን ድምፅ ነው። በናዚ ዘመን የውጭ ሬዲዮ የሰማ ሰው ይቀጣባት ከነበረች አገር የሚመጣ ድምፅ፣ አርሲ ውስጥ በጭራሮ ብርሃን ዙሪያ ተሰምቷል። ልጁ በር ላይ ቆሞ ሰው መምጣት አለመምጣቱን ይጠብቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለቱ ጦርነቶች እንዴት አለቁ? የጀርመኑ በሜይ 1945 በፍጹም ሽንፈት። ልጁ በፍርስራሽ ከተማ ውስጥ ጡብ እየለቀመ፣ የ1946ን ክረምት እየተራበ አደገ፤ ነገር ግን የወደቀውን መንግሥት ወንጀል ፍርድ ቤት ሲያነብበው ሰማ። የእኛው ግንቦት 20 ቀን 1983 አዲስ አበባ ላይ አበቃ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ብላቴ ማሠልጠኛ ገብተው ነበር። ከ400 ሺህ የሚበልጥ የቀድሞ ወታደር ወደየቤቱ ተበተነ፤ ከፊሉ ከኤርትራ በሱዳን በኩል በእግሩ መጣ። ብዙ እናት ግን መርዶ እንኳ አልደረሳትም። ልጇ በየትኛው ግንባር፣ በየትኛው ቀን እንደወደቀ የሚነግር ወረቀት የለም። ሲወለድ ያልተጻፈው ልጅ ሲሞትም ሳይጻፍ ቀረ። እዚህ አርባ ጉጉ ውስጥ ደርግ ከወደቀ በኋላ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የደረሰው ግድያ ደግሞ ራሱን የቻለ ዝግጅት የሚፈልግ ነው፤ በጨረፍታ ማለፍ አይገባም። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው የሰሜኑ ጦርነትም በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ጥያቄው ያረጀ አይደለም።

አንድ የሚገርም ቀን ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሕፃናት መብት ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 6 ቀን 1983 ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ማሳ ውስጥ ያደረው ልጅ ይህን አልሰማም። ልጆችን ወደ ጦርነት ማስገባትን የሚከለክለውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች።

እነዚህ ሕጎችና ስምምነቶች ሁሉ የሚቆሙት አንድ ነገር ሲኖር ነው፤ የልጁ ዕድሜ በወረቀት ሲታወቅ። ወረቀት ብቻውን አያድንም ብዬ ነበር፤ የጀርመኑ ልጅ ወረቀት ነበረው፣ መንግሥቱ ሕግን ሲንቅ ወረቀቱ መጥሪያ ሆነበት። ቢሆንም ወረቀት የሌለው ልጅ ሕጉ ደግ በሆነበት ጊዜ እንኳ መከራከሪያ የለውም። ሁለቱን ካየሁ በኋላ የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መጻፉ ይሻላል። ለውትድርና ብቻ አይደለም፤ ልጅቷን ሳትደርስ ሊድራት የሚመጣ ሽማግሌም የሚጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በመላው አገሪቱ በ2008 መጨረሻ ተጀምሯል። በአዋጁ መሠረት ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ አራስ ያለች፣ ጎረቤታችሁ የወለደች፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ወደ ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ጊዜው ያለፈባችሁም ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ዘግይቶ የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ተማሪዎች ደግሞ፣ እናትና አባታችሁን፣ አያቶቻችሁን በዚያ ዘመን የት ታድሩ ነበር ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም በደብተራችሁ ጻፉት። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)